ከስሪዲው እስከ ምጣዱ፦ ቤታችንን የነደፈው ቢሮ ሥራ ሲመዘን

በነሐሴ 2016 ዓ.ም. እኔና ባለቤቴ፣ ዕጣ ከወጣልን ጀምሮ በየጊዜው ስንጠጋግነው የኖርነውን ባለ ሁለት መኝታ የ20/80 ኮንዶሚኒየም ቤታችንን ውስጡን እንደ አዲስ ለማሠራት ወስነን ከአንድ የአርክቴክቸርና የውስጥ ንድፍ ቢሮ ጋር ውል ተፈራረምን። በዚያው ሰሞን እህቴ ገርጂ አካባቢ በተከራየችው 64 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ ቁርስ ቤት ለመክፈት ትዘጋጅ ስለነበር እርሷንም ከዚሁ ቢሮ ጋር አገናኘኋት። አሁን ቤታችን ከተረከብነው ዓመት ሞልቶታል፤ ቁርስ ቤቱም አንድ ክረምትና ሁለት ዐቢይ በዓላት አሳልፏል። ለግምገማ ይህ ጊዜ በቂ ይመስለኛል፤ አዲስ የተቀባ ቤት በርክክቡ ዕለት የማያምር የለምና። የቢሮውን ስም አልጠቅስም። የማነሣቸው ቅሬታዎች የሁለት ቤቶች ቅሬታዎች ስለሆኑ ስለ ሌሎች ደንበኞቹ ምስክር መሆን አልችልም።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ቢሮው በሥዕል የማይታየውን ነገር በጥንቃቄ ይሠራል፤ በሥዕል የሚታየውን ግን ለሥዕሉ ሲል ይሠራዋል። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

ውሉን ከመፈረማችን በፊት ቢሮው ቀደም ሲል የሠራቸውን ሁለት ቦታዎች ሄጄ አይቻለሁ። የመጀመሪያው ምግብ ቤት ነበር፤ ወለሉ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ፖርስሊን፣ ፊት ለፊቱ በሙሉ መስታወት፣ ኮርኒሱ ጠፍጣፋ ጂፕሰም ነው። ከምሳ ሰዓት በፊት ስገባ ዓይን የሚይዝ ቦታ ነበር። 6 ሰዓት ተኩል ሲሆን ግን የሹካው፣ የወንበሩ እግርና የሰዉ ድምፅ ከጠንካራው ወለል ወደ ጠንካራው ኮርኒስ እየተመላለሰ፣ ከፊቴ የተቀመጠውን ጓደኛዬን ለመስማት ወደ ጠረጴዛው ማጎንበስ ነበረብኝ። ሁለተኛው የሐበሻ ልብስ መደብር ነበር። መደርደሪያው የተሠራበት ጥራትና የማሳያው አቀማመጥ የሚያስመሰግን ሲሆን፣ መብራቱ ግን 6500 ኬልቪን የሆነ፣ ወደ ሰማያዊነት የሚያደላ ነጭ ኤልኢዲ ስለነበር ወርቃማው ጥለት አመድማ መስሎ ይታይ ነበር። በቆምኩበት አንዲት እናት ቀሚሱን በሁለት እጃቸው ዘርግተው ይዘው፣ «እስቲ ደጅ አውጥቼ በፀሐይ ልየው» ብለው ሻጯን አስከትለው ወጡ። ገዢው የጥለቱን ቀለም ለማየት ዕቃውን ደጅ ማውጣት ካለበት የመደብሩ መብራት ሥራውን አልሠራም ማለት ነው። ለልብስ መደብር የብርሃኑ የቀለም ሙቀት (በኬልቪን የሚለካው) ብቻ ሳይሆን ቀለምን በእውነተኛ መልኩ የማሳየት ደረጃው ከ100 ቢያንስ 90 መሆን እንደሚገባው ለቢሮው ስነግራቸው አልተከራከሩም፤ ባለቤቱ ርካሹን አምፖል መርጦ ነው አሉ። ሊሆን ይችላል።

እንዲህ አይቼ ለምን እንደፈረምኩ መጠየቁ አይቀርም። የፈረምኩት ለልኬት ከመጣችው አርክቴክት የተነሣ ነው። ከልደታው ሕንፃ ኮሌጅ ከተመረቀች ጥቂት ዓመታት የሆናት ወጣት ናት። በእጇ የሌዘር መለኪያና ተራ ደብተር ይዛ መጣችና፣ ስለ ቀለምና ስለ ሶፋ ከመጠየቋ በፊት በሳምንት ስንት እንጀራ እንደምንጋግር፣ ጠዋት ማን ቀድሞ እንደሚነሣ፣ በበዓል ዶሮው የት እንደሚገነጠል፣ ቡና ሲፈላ ጎረቤት ስንት ሆኖ እንደሚመጣ ጠየቀች። በአራት ሰዓት ቆይታዋ የሳሎናችን አንዱ ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ 4 ሴንቲ ሜትር እንደሚያዘነብል አገኘች፤ እኛ በዚያ ቤት ስምንት ዓመት ኖረን አላስተዋልነውም ነበር።

ስለ ምጣዱ ጥቂት ሰፋ አድርጌ ብጽፍ አንባቢ ይቅር ይለኛል ብዬ አስባለሁ፤ የአዲስ አበባ ቤት ንድፍ ከዚህ ይጀምራልና። በ1996 ዓ.ም. የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ሲታቀድ፣ እንጀራ መጋገርና ማረድ በየቤቱ ውስጥ እንዳይሆን በየግቢው የጋራ መገልገያ ቤት እንዲኖር ተደርጎ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነበር። በእኛ ግቢ ግን ያ ቤት የማኅበሩ ጽሕፈት ቤትና የጥበቃዎች ማደሪያ ከሆነ ቆይቷል፤ ምጣዱም ወደየቤቱ ገብቶ በረንዳ ላይ፣ ማድቤት ጥግ፣ አንዳንዱም ዘንድ ባኞ ቤት በር ላይ ተቀምጧል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይበላል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ ወደ 16 አምፒር ይጠጋል፤ ይህም ለተራ ሶኬት በሚዘረጋው ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ላይ የሚገጠመው ባለ 16 አምፒር ብሬከር የሚችለው የመጨረሻው ጫፍ ነው። በዚያው መስመር ላይ ፍሪጅ ከተሰካ ደግሞ ከጫፉ ያልፋል። የእኛ አሮጌ ሶኬት አንዱ ጠርዙ ቀልጦ ቡናማ ሆኖ ነበር። አርክቴክቷ በጣቷ ነካ አድርጋ አየችውና ከቆጣሪው ሰሌዳ በቀጥታ የሚመጣ፣ የራሱ ባለ 25 አምፒር ብሬከር ያለው ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ለምጣዱ ብቻ እንዲዘረጋ በንድፉ ላይ አሰፈረች።

ከዚያ የሠራችውን ነገር እስከ ዛሬ ለሰው እናገራለሁ። ባለቤቴን ማድቤት አስቁማ፣ በባዶ እጇ ሊጥ እንደያዘች ሆና ከዳር ጀምራ ወደ መሐል እንድታዞር ጠየቀቻት፤ ክርኗ የሚደርስበትን ስፋትና ትከሻዋ የሚነሣበትን ከፍታ ለካች። የማድቤት መደብ በተለምዶ ከ85 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይሠራል። ምጣዱ ግን የራሱ እግርና ቁመት ስላለው በዚያ ላይ ሲቀመጥ ጋጋሪዋ ክንዷን ደረቷ ድረስ ከፍ አድርጋ መሥራት ይኖርባታል። ስለዚህ ከመደቡ አንዱ ክፍል ወደ 65 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ተሠራ፤ አክንባሎው ሲነሣ እንፋሎቱ የላይ ካቢኔት እንዳያበላሽ ከምጣዱ በላይ ምንም እንዳይሰቀል ተደረገ፤ ከጎኑ ለሰፌዱና ለማሰሻው ጠባብ መክተቻ ወጣለት፤ ከመደቡ ሥር ቡሃቃው የሚቆምበት ቦታ ተተወ። ይህ ሁሉ በስሪዲው፣ ማለትም በኮምፒውተር በሚሠራው ባለ ሦስት አቅጣጫ ምስል ላይ ጎልቶ የማይታይ ነገር ነው። ባለቤቴ ከዓመት በኋላ ስለ ቤቱ ስትጠየቅ አስቀድማ የምታሳየው ግን ይህንኑ ነው።

በማድቤቱና በሳሎኑ መካከል ያለውን ግድግዳ በተመለከተ ክርክር ነበረን። የቢሮው የመጀመሪያ ንድፍ ግድግዳው ፈርሶ ማድቤቱ ወደ ሳሎን ክፍት እንዲሆን ያቀርብ ነበር፤ በአሁኑ ጊዜ ይህን የማያቀርብ ቢሮ ያለ አይመስለኝም። እናቴ ምስሉን በአርክቴክቷ ስልክ ላይ ካዩ በኋላ፣ «የኔ ልጅ፣ እንግዳዬ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ቁሌቱን ከነጭሱ ሊያየው ነው?» አሏት። «እማማ፣ ጭስ መሳቢያ እንገጥማለን» ስትላቸው፣ «ሽንኩርቱ አንድ ሰዓት ሲቁላላ የምትገጥሚው ማሽንም ያለቅሳል» ብለው ጨረሱት። አርክቴክቷ ስቃ ንድፉን ወሰደች። በሳምንቱ ግድግዳው ግማሽ ድረስ ብቻ ተከፍቶ በተንሸራታች መስታወት የሚዘጋ ሆኖ መጣ። ብርሃኑ ያልፋል፣ ሽታው ይቀራል። ሕንፃውን የሚሸከሙትን ኮለንና ቢም በተመለከተ ግን ምንም አማራጭ ሳይሰጡን እንደማይነኩ ነገሩን፤ በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት በጋራ ሕንፃ ላይ ከየቤቱ ውጭ ያለው የሕንፃው ክፍል የሁሉም ባለቤቶች የጋራ ንብረት ስለሆነ አንድ ባለቤት ብቻውን ሊቆርጠውና ሊያፈርሰው አይችልም። አንዳንድ ግንበኛ «ችግር የለውም፣ ብረቱን ሳልነካ እበሳዋለሁ» እያለ የጎረቤትን ሶሌታ (የፎቁን የኮንክሪት ወለል) አደጋ ላይ ሲጥል ስላየሁ፣ እንዲህ ያለ እምቢታ ለቢሮው ትልቅ ነጥብ ያሰጠዋል።

በፀሐዩም ረገድ ሥራቸው ጥሩ ነበር። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ የቀትር ፀሐይ ከሚያዝያ መጀመሪያ አንሥቶ እስከ ነሐሴ መገባደጃ ወደ ሰሜን፣ በቀረው ጊዜ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። የሳሎናችን መስኮት ደቡብ ስለሚያይ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ብርዱ በሚጠናበት ወር ፀሐይዋ እስከ ክፍሉ መሐል ትገባለች። እኛ በወፍራም ድርብ መጋረጃ ልንሸፍነው ነበር። ቢሮው ስስ መጋረጃ ብቻ እንድናደርግና የመቀመጫውን ቦታ ከቴሌቪዥኑ ፊት ወደ መስኮቱ እንድናዞር መከረን። እናቴ በታኅሣሥ ጠዋት በነጠላ ተሸፍነው የሚቀመጡበት ቦታ የቤቱ ምርጥ ቦታ ሆኗል።

አሁን በሥዕል ወደሚታየው ልለፍ። የስሪዲው ምስል ሲላክልን ቤተ ዘመዱ ሁሉ በቴሌግራም ተቀባብሎ አይቶታል። ኮርኒሱ ሁለት ደረጃ ያለው ጂፕሰም ሆኖ በጠርዙ የተደበቀ መብራት ይፈስበታል፤ ቴሌቪዥኑ ከኋላው እብነ በረድ የሚመስል ሰሌዳ አለው፤ በአንድ ጥግ ደግሞ በቅስት የተከበበ የቡና ማዕዘን፣ ከወለሉ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በፓርኬ የተሸፈነ መድረክ፣ ከላዩ ረከቦትና ጀበና። በምስሉ ላይ ክፍሉ ሰፊ ይመስላል፤ ምስሉ የሚሠራበት የካሜራ ሌንስ ሰፊ ማዕዘን እንዲይዝ ስለሚደረግና ተመልካቹ ግድግዳው ካለበት ወደ ኋላ ያፈገፈገ ያህል ስለሚታይ ነው። በእውነት ግን የቤታችን ቁመት ከወለል እስከ ሶሌታ 2.60 ሜትር ነው። ጂፕሰሙ 18 ሴንቲ ሜትር ሲወርድበት ረጅሙ ወንድሜ እጁን ዘርግቶ መብራቱን ይነካል። በሁለተኛው ሳምንት ይህን አንሥቼ ኮርኒሱ በዳር በዳር ብቻ እንዲሆንና መሐሉ በሶሌታው ልክ እንዲቀር ጠየቅሁ፤ ምስሉ እንደሚበላሽ ተነግሮኝ ተሸነፍኩ። ጥፋቱን ከፊሉን እኔ እወስዳለሁ።

የቡና ማዕዘኑ ነገር ግን የእኔ ጥፋት አይደለም። በገባንበት የመጀመሪያ እሑድ ባለቤቴ ቡና አቀረበች፤ ከሰሉ ተራገበ፣ እጣኑ ተጨሰ፣ ቡናው ተቆላ። ከምድጃው የዘለለች አንዲት ፍንጣሪ ፓርኬው ላይ አርፋ የስንዴ ፍሬ የምታክል ጥቁር ነጥብ ትታ ጠፋች። ቀና ስንል ደግሞ ቅስቱ ጭሱን እንደ ጉልላት ይዞ አቆይቶት ነበር፤ ከሦስት ወር በኋላ የቅስቱ ነጭ ቀለም ከመሐሉ ጀምሮ ሻይ የፈሰሰበት ወረቀት መስሏል። ረከቦት የሚነድፍ ባለሙያ ከሰል የሚቀመጥበት ወለል የሚቃጠል መሆን እንደሌለበት፣ ጭስም መውጫ እንደሚያሻው መርሳቱ የሚገርም ነው፤ በተለይ ባለቤቴ ክንዷን ስንት ሴንቲ ሜትር እንደምታነሣ የለካው ያው ቢሮ ሲሆን። በኋላ እንደተረዳሁት ማድቤቱን የነደፈችው አርክቴክቷ ስትሆን የሳሎኑን ምስል የሠራው ሌላ፣ ቤታችንን አንድም ቀን ረግጦት የማያውቅ ባለሙያ ነበር። ደውለን ቅሬታችንን ስናሰማ ግን አልተሟገቱም። በአሥር ቀን ውስጥ ፓርኬውን አንሥተው መድረኩን በጥቁር ግራናይት ከፈኑት፤ ቅስቱንም በላዩ ከፍተው ወደ በረንዳው የሚወጣ ቀዳዳ አበጁለት። ክፍያ አልጠየቁም።

ሶፋው የተለየ ታሪክ አለው። ቢሮው የቤት ዕቃውንም እንዲያሠራልን አርክቴክቷ ስታግባባን የአፍሪካ አዳራሽን ጠቅሳ ነበር፤ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ሕንፃ ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የተከፈተው የእኛ ሥራ በመሐል ላይ ሳለ ነበርና። ሕንፃውን የነደፈው አርቱሮ መዜዲሚ የውስጥ መቀመጫዎቹን ሳይቀር ለአዳራሹ ብሎ እንደነደፋቸው፣ አዳራሹም እንደ አንድ ነገር ተያይዞ የሚታየው በዚህ ምክንያት እንደሆነ አስረዳችን። ክርክሯ ትክክል ነው፤ እዚያ ያለውን የአፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕል ያየ ሰው ብርሃኑና መቀመጫው ሳይነጋገሩ እንዳልተሠሩ ይገባዋል። አመንናት፣ ሶፋውም 2.60 ሜትር ሆኖ በዋንዛ እግር ተሠርቶ መጣ። የሕንፃችን ደረጃ ላይ ሲደርስ ግን በሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ አልዞር አለ። ቤቱን በሚሊ ሜትር የለካው ቢሮ ደረጃውን አልለካም ነበር። ስድስት ወጣቶች በገመድ አስረው በበረንዳ በኩል ወደ አራተኛ ፎቅ ሲስቡት ግቢው በሙሉ ወጥቶ አየ፤ እኔ ከታች ሆኜ ሶፋውን ሳይሆን ገመዱን ነበር የማየው። ሶፋው ምቹ ነው፤ ቤት ስንለቅ ግን እዚያው የሚቀር ይመስለኛል።

ከሁሉ የከፋው ቅሬታዬ የማድቤቱ ካቢኔት ነው። በውሉ አባሪ ላይ ለሳህን ማጠቢያው ሥር እርጥበት የሚቋቋም ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ጭረት ተጨምቆ የሚሠራ ሰሌዳ) እንደሚሠራበት ተጽፏል። በስምንተኛው ወር ሲፎኑ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረና የካቢኔቱ ወለል እንደተነከረ ዳቦ አብጦ በሩ አልዘጋ አለ። አናጺ አምጥቼ ሲቆርጠው ውስጡ ቡናማ ነው። እርጥበት የሚቋቋመው ኤምዲኤፍ ከተራው እንዲለይ መሐሉ ብዙውን ጊዜ አረንጓዴ ይቀለማል፤ የእኛ ተራው ነበር። የቢሮው ኃላፊ ንዑስ ተቋራጩ እንዳታለላቸው ነገሩን። ይህ እውነት ቢሆን እንኳ ለቁጥጥር የተለየ ክፍያ የከፈልነው እንዲህ ያለው እንዳይደርስ ነው። ካቢኔቱን ለመቀየር ሦስት ሳምንት ፈጀባቸው፤ በዚያ ጊዜ ሁሉ ሳህን የምናጥበው ባኞ ቤት ነበር። ማንኛውም ሰው ካቢኔት ሲረከብ የማጠፊያው ቀዳዳ የተበሳበትን ቦታ ፈትቶ የውስጡን ቀለም እንዲያይ እመክራለሁ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ዋጋውን በብር አልጽፍም፤ ብጽፈውም አንባቢን ያሳስተዋል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ከተደረገ በኋላ ከመርካቶ የሰበሰብናቸው ፕሮፎርማዎች ግርጌ «ዋጋው ለሦስት ቀን ብቻ የጸና ነው» የሚል ነበረባቸው፤ ፖርስሊኑም፣ የቧንቧ ዕቃውም፣ መብራቱም ከውጭ የሚገባ ነውና። አከፋፈሉን ግን ልግለጽ። የንድፉ ዋጋ በካሬ ሜትር ተሰልቶ ለብቻው ይከፈላል፤ ግንባታው 40 በመቶ ቅድሚያ፣ 30 በመቶ ጂፕሰሙና ሴራሚኩ ሲያልቅ፣ 25 በመቶ በርክክብ፣ 5 በመቶ ደግሞ ዓመት የሚቆይ መያዣ ነው። የመጀመሪያው የዋጋ ማቅረቢያ ቫት ይጨምር አይጨምር አልተጻፈበትም ነበር፤ ስንጠይቅ 15 በመቶው ከላይ እንደሚታሰብ ተነገረን። ይህን በአፍ ከመስማት አስቀድሞ በጽሑፍ ማግኘት ይገባን ነበር። ጊዜውን በሚመለከት 75 ቀን ተብሎ 131 ቀን ፈጀ። ከዚህ ውስጥ 19ኙ ቀን እኛ ፖርስሊን ለመምረጥ ስንመላለስ ያጠፋነው መሆኑን አምናለሁ፤ የቀረውን በውሉ የመዘግየት ቅጣት መሠረት ተነጋግረን በስምምነት ጨረስነው።

የእህቴ ቁርስ ቤት ከእኛ ቤት የተሻለ ሥራ ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ እህቴ ከእኔ ይልቅ ጠንካራ ደንበኛ መሆኗ ይመስለኛል። መጀመሪያ የጠየቀችው 40 መቀመጫ ነበር። ከ64 ካሬ ሜትሩ ማድቤቱ 18፣ መጸዳጃውና መጋዘኑ 8 ሲወስዱ ለተመጋቢ የሚቀረው 38 ነው፤ 40 ሰው ሲቀመጥበት ለአንዱ አንድ ካሬ ሜትር እንኳ አይደርሰውም። አርክቴክቷ 28 መቀመጫ ነድፋ መጣች። እህቴ ኪራዩን ከመቀመጫዎቹ በምታገኘው ገቢ የምትከፍል ነጋዴ ናትና ተቆጣች። ይህን የፈታው ወረቀት ላይ የተደረገ ክርክር አልነበረም፤ አርክቴክቷ ባዶው ቤት ወለል ላይ በወረቀት ፕላስተር የጠረጴዛዎቹን ልክ አሠመረችና አንዷን አስተናጋጅ የፉል ሳህንና ሻይ የሞላበት ትሪ አስይዛ በመሐል እንድታልፍ አደረገች። በ40ው አቀማመጥ ልጅቷ ሁለት ጊዜ ቆመች። በ32 ተስማሙ።

የጠረጴዛው ስፋትም የተወሰነው በዚያው ዕለት ነበር። በካታሎግ የሚመጣው የሁለት ሰው ጠረጴዛ 60 በ60 ነው፤ ለማኪያቶና ለኬክ ይበቃል። ጨጨብሳና ዱለት በአንድ ትሪ ቀርቦ ሁለት ሰው ከአንድ የሚበላበት ቤት ግን ትሪው ብቻውን 50 ሴንቲ ሜትር ስለሚይዝ ለብርጭቆው ቦታ አይኖርም። ጠረጴዛዎቹ 75 በ75 ሆነው ተሠሩ። የእጅ መታጠቢያው ደግሞ ከመጸዳጃው ወጥቶ ከመግቢያው በስተቀኝ፣ ለልጅ የሚሆን አንድ ዝቅ ያለ ጨምሮ ተተከለ። እጅ ታጥቦ ለሚበላ ሰው መታጠቢያውን መጸዳጃ ውስጥ መደበቅ ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም፤ በከተማችን ግን በብዙ ውድ ምግብ ቤቶች ይህን ስህተት አይቻለሁ።

ስለ ድምፁ ያነሣሁት ቅሬታ ተሰምቶ ነበር ማለት እችላለሁ። የቁርስ ቤቱ ኮርኒስ ጂፕሰም አይደለም፤ ሳሳ ተደርጎ የተሸመነ የቀርከሃ ምንጣፍ በእንጨት ፍሬም ተወጥሮ ከበላዩ ድምፅ የሚውጥ የማዕድን ሱፍ ተነጥፎበታል። ድምፁ በሽመናው ቀዳዳ አልፎ ሱፉ ውስጥ ይቀራል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤቱ ሞልቶ ሳለ በተለመደ ድምፅ መነጋገር ይቻላል፤ ይህ ለእኔ ከየትኛውም ጌጥ ይበልጣል። ጌጡን በተመለከተ ቢሮው የመሶብ ክዳን የሚመስል አምፖልና የላሊበላ ምስል የታተመበት የግድግዳ ወረቀት አቅርቦ ነበር። እህቴ፣ «ሰው እኔ ዘንድ የሚመጣው ቁርስ ሊበላ እንጂ ሊሳለም አይደለም» ብላ መለሰችው። ግድግዳ ላይ ሰፌድ በመስቀል ባህላዊ መሆን የሚፈልግ ቤት በዝቷልና በዚህ ከእርሷ ጋር ነኝ። በምትኩ የግድግዳው ታችኛ ክፍል እስከ 1.10 ሜትር በአምቦ ድንጋይ ተለበጠ፤ ሞቅ ያለው ቀለሙ ለቤቱ ግርማ ሰጠው። ድንጋዩ ግን ቀዳዳማ ስለሆነ ዘይትና እርጥበት ይመጥጣል፤ ማሸጊያ ቅብ ሳይቀባ በመረከቡ በሁለት ወር ውስጥ ከወንበሮቹ ጀርባ የፀጉር ቅባትና የበርበሬ ዱካ ታተመበት። ቅቡ ኋላ በእህቴ ወጪ ተቀባ፤ ዱካው ግን ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም።

ሮቶውን ማድቤቱ ላይ ከተሠራው ቆጥ ላይ ለመጫን እህቴ ስትጠይቅ አርክቴክቷ 1000 ሊትር ውሃ አንድ ቶን እንደሚመዝን አስታውሳ፣ ከኋላ በር ወለል ላይ በትንሽ ፓምፕ እንዲሠራ አድርጋለች። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ስለሚቆም ለእጅ መታጠቢያው ብቻ የሚሆን ሌላ ባለ 100 ሊትር በርሜል ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። ይህን የመሰለ ማሰብ ነው ቢሮውን ዳግመኛ እንድጠራው የሚያደርገኝ፤ የምጠራው ግን አርክቴክቷ ሥራውን ከልኬቱ እስከ ርክክቡ ራሷ እንደምትይዘው በውሉ ላይ በስሟ ከተጻፈ ብቻ ነው።

የ5 በመቶው መያዣ እስከ አሁን በእጄ ነው። የባኞ ቤታችን ወለል ተዳፋቱ ወደ ፍሳሽ መውረጃው መሆን ሲገባው ሁለት ሴራሚኮች ወደ በሩ ያዘነብሉ ስለነበር ገላ በታጠብን ቁጥር ኮሪደሩን በጨርቅ ስንወለውል ከርመናል። ባለፈው ማክሰኞ ሁለት ሠራተኞች መጥተው አራት ሴራሚክ አንሥተዋል፤ አዲሱ ሲሚንቶ እስኪደርቅ ባኞ ቤቱን እንዳንጠቀም ስለተነገረን እነሆ ሦስት ቀን ከጎረቤት እየታጠብን ነው። ቅዳሜ አንድ ባልዲ ውሃ ወለሉ ላይ አፈስሼ ወዴት እንደሚሄድ አይቼ ቀሪውን እከፍላለሁ።